ባፈሬ ጎረቤት አገር ገባ፤ ለመሆኑ «5 ኪሎ ሜትር» ለማን ነው ቅርብ?

ተመራማሪዋ

ሰላም ናችሁ? ለማስተርስ መመረቂያዬ የያዝኩት ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው። እናቶች ጤና ተቋም ሄደው እንዳይወልዱ ርቀት ምን ያህል ያግዳቸዋል? መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ በስልክ መጠይቁን ሞልተውልኛል። የተጠቀምነው ቦታውን በጂፒኤስ የሚመዘግበውን ኮቦ ቱልቦክስን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤት ኮኦርዲኔት (ኬክሮስና ኬንትሮስ) አለኝ። የጤና ተቋማቱ ነጥቦች ደግሞ በሌላ የሲኤስቪ ፋይል አሉ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ በየጤና ተቋሙ ዙሪያ የ5 ኪሎ ሜትር ባፈር (ክብ ወሰን) እሠራለሁ። ክቡ ውስጥ የገባ ቤት «ቅርብ»፣ ከክቡ የወጣ «ሩቅ» ይባላል። ከዚያ ሁለቱን አወዳድራለሁ። አማካሪዬም ተስማምተዋል። ምዕራፍ አራት ላይ በቀለም ያማረ ካርታ እንዲገባ ደጋግመው ነግረውኛል።

ባፈሩን ከፍቼ ርቀት የሚለው ቦታ ላይ 5 ብዬ ጻፍኩ። የመጣው ክብ የጥናት ቦታዬን አልፎ ጎረቤት አገሮችን ዋጠ። 5000 ብል ጭራሽ ትርጉም የሌለው ነገር ወጣ። አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ላይ «ሲአርኤሱን (የኮኦርዲኔት ሥርዓቱን) ወደ ዩቲኤም (በሜትር ወደሚለካው) ቀይሩት» ሲል ሰምቼ የቤቶቹን ሌየር (የካርታ ንብርብር) በቀኝ ክሊክ ነክቼ ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ቤቶቹ በሙሉ ድራሻቸው ጠፋ።

ሌላም አለ። ገና ከመነሻው ጥቂት ቤቶች ባሕር ላይ ወድቀው ነበር። ከአፍሪካ በስተምዕራብ ያለው ባሕር ላይ! እኛ የሄድንበት ቦታ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር የለም።

ምን ላድርግ? ደግሞስ ባፈሩ ቢስተካከል ይህ የ5 ኪሎ ሜትር ነገር ያስኬዳል? እኔን ትንሽ ከነከነኝ።

ቶሎ መላሽ

ይሄማ ቀላል ነው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 5ን ለ111 ስታካፍዪ 0.045 ይመጣል። ሲአርኤሱን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 (በዲግሪ ወደሚለካው) መልሺና ባፈሩ ላይ 0.045 ጻፊ። አለቀ። እኔ ሁሌም እንደዚህ ነው የምሠራው።

ጋሽ ካርታ

ቶሎ መላሽ፣ አንተ ሁሌ የምትሠራው ምድር ወገብ አጠገብ ከሆነ ብዙም አትጎዳም። ከዚያ ስትርቅ ግን ነገሩ ይበላሻል። የኬክሮስ ዲግሪ የትም ብትሄድ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ወደ ዋልታ በተጠጋህ ቁጥር ይጠባል። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግማሽ ሆኖ ታገኘዋለህ። እዚያ 0.045 ብለህ የሠራኸው «ክብ» ወደ ሰሜንና ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ 2.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ካርታው ላይ ክብ ይመስላል፣ መሬት ላይ እንቁላል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ፈታኝ ፊት ይዞ መቅረብ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ።

መጀመሪያ 5 ስትጪው ያደረገው ትክክል ነው። ሌየርሽ የሚያውቀው ዲግሪ ብቻ ነው። 5 ስትዪው 5 ዲግሪ ሰጠሽ፤ ይህም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲሶቹ የኪውጂአይኤስ እትሞች ባፈር ስትከፍቺ ከቁጥሩ አጠገብ «ዲግሪ» ብለው ይጽፋሉ፣ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክትም ያወጣሉ። ማን ያየዋል!

ቤቶቹ የጠፉት ግን በሌላ ምክንያት ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ። በቀኝ ክሊክ ሲአርኤስ ስትቀይሪ ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም። የተቀየረው ስማቸው ብቻ ነው። ለምሳሌ ኬንትሮሱ 100.25፣ ኬክሮሱ 14.50 የነበረ ቤት አሁን «ከዩቲኤም መነሻ 100.25 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 14.50 ሜትር ወደ ሰሜን» ተብሎ ይነበባል። ዩቲኤም ደግሞ የእያንዳንዱን ዞን መካከለኛ መስመር 500,000 ሜትር ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ቤቶችሽ ከመካከለኛው መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ፣ ምድር ወገብ ላይ ሄደው ተከምረዋል። በአንድ ዲግሪ የሚራራቁ ሁለት መንደሮች አሁን የሚራራቁት በአንድ ሜትር ነው። መላው የጥናት ቦታሽ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። አልጠፉም፤ ሌየሩን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ «ዙም ቱ ሌየር» ብትዪ ታገኛቸዋለሽ።

መድኃኒቱ ይኸው። ሲአርኤሱን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መልሺ፣ ቁጥሮቹ በትክክል የተለኩት በእሱ ነውና። ከዚያ ፕሮሰሲንግ ቱልቦክስ ውስጥ «ሬፕሮጀክት ሌየር» የሚለውን ፈልጊ። እሱ እያንዳንዱን ቁጥር አስልቶ አዲስ ሌየር ያወጣልሻል። የትኛው የዩቲኤም ዞን እንደሆነ ለማወቅ ኬንትሮስሽ ላይ 180 ደምሪ፣ ለ6 አካፍዪ፣ ሙሉ ቁጥሩን ወስደሽ 1 ጨምሪበት። ኬንትሮሱ 100 ምሥራቅ ከሆነ 280 ለ6 ሲካፈል 46 ከምናምን ነው፤ ስለዚህ ዞኑ 47 ነው። የኢፒኤስጂ ኮዱ (የሲአርኤሱ መለያ ቁጥር) ከምድር ወገብ በስተሰሜን 32647፣ በስተደቡብ 32747 ይሆናል። ምዕራብ ኬንትሮስ ከሆንሽ ቁጥሩን በኔጌቲቭ አስገቢ። ከዚያ በኋላ ባፈሩ ላይ 5000 ብትዪ 5000 ሜትር ማለት ነው።

አዲሱን ሌየር ስታስቀምጪ የፋይሉን ዓይነት ሼፕፋይል ብለሽ አትምረጪ፣ ጂኦፓኬጅ ይሁን። ሼፕፋይል የአምድ ስም ከ10 ፊደል ካለፈ ይቆርጠዋል። በተመሳሳይ ቃል የሚጀምሩ ረጃጅም የጥያቄ ስሞች ካሉሽ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትለዪ ትቀሪያለሽ።

ባሕር የገቡት ቤቶች ዜሮ ናቸው። ኬክሮስ ዜሮ፣ ኬንትሮስ ዜሮ የሚገናኙት የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ጂፒኤስ ሳይያዝ የቀረ ቤት ባዶ መሆን ሲገባው አንድ ቦታ ላይ በዜሮ ተሞልቶልሻል። ቤቶቹን ሳይሆን ዜሮዎቹን ሰርዢና ቦታውን ባዶ አድርጊው። በዚያው ከሌሎቹ ተለይተው ሩቅ አገር የወደቁ ነጥቦች ካሉ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ተለዋውጦ እንዳይሆን እዪ። ኪውጂአይኤስ ኤክስ የሚለው ኬንትሮስን ነው። አፋችን ግን «ኬክሮስና ኬንትሮስ» ማለት ስለለመደ ብዙ ሰው ኬክሮሱን ኤክስ ላይ ያስገባል።

አሁን ወደ ከነከነሽ ጉዳይ። መከንከንሽ ልክ ነው። ባፈሩ የፈለገውን ያህል ቢስተካከል ጥያቄሽን አይመልስም።

ምጥ የያዛት ሴት እንደ ወፍ አትበርም። የሚያግዳት ዳገቱ፣ ወንዙ፣ የመንገዱ መዞር ነው። ይህ አዲስ ግኝትም አይደለም። ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 የለንደን ሶሆን የፈጀውን ኮሌራ ሲያጠና ሁሉም የሚያወራለት ሟቾቹን ካርታ ላይ ስለማስፈሩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ሥራው ነው። ቆየት ብሎ ባወጣው ካርታ ላይ ባለነጥብ መስመር አስምሯል። መስመሩ ከብሮድ ስትሪት ፓምፕና በዙሪያው ካሉት ሌሎች ፓምፖች እኩል የሚርቁ ቦታዎችን ያገናኛል። ርቀቱ የተለካው ግን በቀጥታ መስመር አይደለም፣ በቅርቡ መንገድ ነው። ኮምፒውተር ሳይኖረው ውሃ ቀጂው በእግሩ እንደሚሄድ አስቦ ለካ። እኛ ኮምፒውተሩን ይዘን ክብ እንሥላለን።

አንድ ቁጥር ላሳይሽ። ዋልዶ ቶብለር የሚባል የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የእግር ጉዞ ቀመር አለ። በእሱ ስሌት ሰው ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚያስወጣ ዳገት ላይ ወደ 3.5 ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ 30 ሜትር ከሆነ 1.8 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያው 5 ኪሎ ሜትር ለአንዷ የአንድ ሰዓት፣ ለሌላዋ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ባፈርሽ ሁለቱንም «ቅርብ» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታቸዋል። ከዚያ «ርቀት ለውጥ አላመጣም» የሚል ውጤት ይወጣና ሁሉም ይደነቃል። ቀመሩ ደግሞ የተሠራው ለጤነኛ እግረኛ ነው። ለነፍሰ ጡር ፍጥነቱን ቀንሺለት፣ ስንት እንደቀነስሽና ለምን እንደቀነስሽም ጻፊ።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ተዪና ደቂቃ ለኪ። የዓለም ጤና ድርጅት አክሰስሞድ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለው፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። የከፍታ መረጃ፣ የመሬት ሽፋን፣ መንገድና ወንዝ ታስገቢበታለሽ፤ ከእያንዳንዱ ፒክስል እስከ ጤና ተቋሙ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያወጣልሻል። ለከፍታው ኤስአርቲኤም ይበቃሻል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተለካ ነው፣ 30 ሜትር ገደማ ጥራት አለው፣ ክፍያ የለውም። የሚሸፍነው ግን ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ብቻ ነው። መንገዱን ከኦፕንስትሪትማፕ አውርጂ። እሱን ግን በጭፍን አትመኚ። በጎ ፈቃደኛ የሣለው ካርታ ስለሆነ አንዱ ቀበሌ የእግር መንገዱ ሳይቀር ተሥሎ፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ ሊሆን ይችላል። የሳተላይት ምስል ከሥሩ አድርጊና የጎደለውን እዪ።

ተመራማሪዋ

ጋሽ ካርታ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሬፕሮጀክት አድርጌ ባፈሩ ልክ ገባ። ቤቶቹም ጠረጴዛው ላይ ተገኝተዋል፣ ስቄ ሞትኩ። የባሕሮቹን ባዶ አደረግኳቸው።

አማካሪዬን በደቂቃ ልሥራው ብዬ አስፈቅጃለሁ። «ካርታው ይኑር እንጂ» ብለዋል። አሁን ግን ሌላ ጉድ መጣ። ኤስአርቲኤሙን አውርጄ ተዳፋቱን ባሰላው፣ አገሩ ሁሉ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ገደል ሆኖ ቁጭ አለ። ሜዳ እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ቦታ ሳይቀር። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ ካርታ

በሽታው ያው የመጀመሪያው ነው፣ ራስተር (በፒክስል የተሠራ ካርታ) ላይ ተመልሶ መጥቶብሽ ነው። ያወረድሽው ፋይል አግድም ርቀቱ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም አንድ መለኪያ ናቸው ብሎ ያካፍላል። ከአንዱ ፒክስል ወደ ቀጣዩ አግድም 0.00028 «ሜትር» ብቻ ሄዶ 2 ሜትር ከፍ ካለ፣ ያ በእርግጥ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ራስተሩን በ«ዋርፕ» ወደዚያው ዩቲኤም ቀይሪ፣ ተዳፋቱን ከዚያ በኋላ አስዪ። ስትቀይሪ የሚጠይቅሽ የማዛመጃ ዘዴ አለ። ለከፍታ «ባይሊኒየር» ምረጪ። ለመሬት ሽፋን ግን «ኒረስት ኔበር» መሆን አለበት፣ አለዚያ ደን 1፣ እርሻ 3 ከሆነ ድንበራቸው ላይ 2 ቁጥር ያለው የሌለ መሬት ሊፈጥርልሽ ይችላል።

ልብ በይ፣ ወንዙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ወንዝን ወደ ራስተር ስትለውጪ ፒክስሎቹ በማዕዘን ብቻ የሚነካኩበት ቦታ ይኖራል። የጉዞ ስሌቱ ደግሞ በሰያፍ መሄድ ይፈቀድለታል። ስለዚህ በማዕዘኖቹ መሃል ሾልኮ ይሻገራል። ድልድይ የሌለበት ወንዝ ማዶ ያለ መንደር «15 ደቂቃ» ብሎ ከነገረሽ እሱ ነው የሾለከው። መስመሩን ወደ ራስተር ስትቀይሪ የነካውን ፒክስል ሁሉ እንዲይዝ እዘዢው። ድልድዮቹንና መሻገሪያዎቹን ከዚያ በኋላ በእጅሽ ክፈቺ። መሻገሪያው በክረምት የሚዘጋ ከሆነ የበጋና የክረምት ሁለት ስሌት ሥሪ። ለእኔ ከመላው ጥናትሽ ይበልጥ የሚነበበው ይህ ይመስለኛል።

ከጥናት ቦታሽ ድንበር ውጭ ያሉትን ጤና ተቋማትም አምጪ። ድንበር ላይ ያለች ሴት ማዶ ያለው ከቀረባት እዚያ ነው የምትሄደው፤ የአስተዳደር ወሰን አያቆማትም። አለዚያ ዳር ያሉ ቤቶች ሁሉ በሐሰት ሩቅ ይሆናሉ።

ቁጥር ወዳድ

በጋሽ ካርታ ላይ ትንሽ ልጨምር፤ እኔ ከስታቲስቲክሱ ወገን ነኝ።

አንደኛ፣ ደቂቃውን ካገኘሽ በኋላ መልሰሽ «ቅርብ» እና «ሩቅ» ብለሽ አትቁረጪው። 59 ደቂቃና 61 ደቂቃ የምትሄድ ሴት ምን ለያቸው? ቁጥሩን እንዳለ ሞዴሉ ውስጥ አስገቢ። ግንኙነቱ ቀጥታ መስመር ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ የሚጎዱ፣ ከሆነ ቦታ በኋላ ደግሞ ልዩነት የማያመጡ ከሆነ ስፕላይን (መታጠፍ የሚችል መስመር) ያሳይሻል።

ሁለተኛ፣ የአንድ መንደር ሴቶች መልስ ይመሳሰላል። መንገዳቸው አንድ፣ ጤና ተቋማቸው አንድ፣ ወሬውም አንድ ነው። እያንዳንዷን ራሷን እንደቻለች አድርገሽ ብትቆጥሪ የስህተት ህዳግሽ ከእውነቱ ጠብቦ ይወጣል። መንደርን እንደ እርከን የሚይዝ ሞዴል ተጠቀሚ። ከዚያ በሞዴሉ ቅሪት (ሞዴሉ ባላብራራው ልዩነት) ላይ ሞራንስ አይ የሚባለውን መለኪያ አስዪና ጎረቤታሞች አሁንም ይመሳሰሉ እንደሆነ እዪ።

ሦስተኛ፣ ኮቦ የላከልሽን ፋይል ስታዪ ከኬክሮስ፣ ከኬንትሮስና ከከፍታ ቀጥሎ አራተኛ ቁጥር አለ። የጂፒኤሱ ትክክለኛነት በሜትር ነው። ብዙ ሰው ይጥለዋል። 6 ወይም 10 ከሆነ አያስጨንቅም። 1,500 የሚል ካየሽ ግን ስልኩ ሳተላይት ሳያገኝ ከኔትወርክ ማማ የገመተው ሊሆን ይችላል። ያንን ቤት ከስሌቱ አውጥተሽ ውጤቱ ይቀየር እንደሆነ ሞክሪ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጋሽ ካርታ። አንዳንድ ተማሪዎች የራሳቸው የመስክ መረጃ ሳይኖራቸው የዲኤችኤስን (የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳን) የጂፒኤስ ፋይል አውርደው ይህንኑ ርቀት ሲያሰሉ አያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ ካርታ

ዲኤችኤስ ነጥቦቹን ሆን ብሎ ያንሸራትታቸዋል፣ የመላሾቹን ማንነት ለመጠበቅ። ከተማ ውስጥ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከገጠሮቹ 1 በመቶ የሚሆኑት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሊሄዱ ይችላሉ። ነጥቡም የቤት አይደለም፣ የመላው የናሙና ሰፈር መሃል ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር በተንሸራተተ ነጥብ ላይ የ5 ኪሎ ሜትር ባፈር መሥራት ምን እንደሚሆን አንተው አስበው። ለሰፊ አካባቢ አማካይ፣ ለዝናብ፣ ለሕዝብ ጥግግት ይሆናል። ለቅርቡ ጤና ጣቢያ ደቂቃ ግን አይሆንም። የአንቺ መረጃ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፣ እህቴ።

ተመራማሪዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አራተኛውን ቁጥር ሄጄ አየሁት፣ 2,000 የሚሉ አገኘሁ!

የመጨረሻ ጥያቄ ትሁንልኝ። ለምዕራፍ አራት ቤቶቹን በነጥብ፣ ተቋም የወለዱትን በሰማያዊ፣ ቤት የወለዱትን በቀይ አድርጌ ካርታ ሠራሁ። አማካሪዬ በጣም ወደዱት። ዝም ብዬ ላስገባው?

ጋሽ ካርታ

ኧረ በፍጹም! አምስት የአስርዮሽ ቤት ያለው ኮኦርዲኔት አንድ ሜትር ገደማ ድረስ ይለያል። ነጥቡን የሳተላይት ምስል ላይ የጣለ ሰው ጣሪያውን ያገኛል። «ይህች ሴት ቤቷ ወለደች» ብለሽ ለጎረቤቷ እያሳየሽ ነው። የፈረመችልሽ የፈቃድ ቅጽ ላይ ይህ የለም።

አማካሪሽን የሚያስደስት ካርታ ግን እጅሽ ላይ አለ። የደቂቃው ራስተር። ከ30 ደቂቃ በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 120፣ ከዚያ በላይ እያልሽ ከአንድ ቀለም ፈዛዛ እስከ ደማቅ አድርጊው፤ ቀይና አረንጓዴ አትቀላቅዪ፣ መለየት የማይችል ዓይን አለ። ላዩ ላይ ጤና ተቋማቱን፣ መንገዱንና ወንዙን ብቻ አስቀምጪ። የበጋውንና የክረምቱን ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት የቀለም እርከን። የቤት ነጥብ አንድም አይኑር። የወሊዱን ቁጥር ማሳየት ከፈለግሽ በመንደር ወይም በቀበሌ ደምረሽ በሠንጠረዥ አውጪው፣ በጣም ጥቂት ሴት ያለበትን መንደር ከጎረቤቱ ጋር ቀላቅለሽ።

የኮኦርዲኔት ፋይሉን ደግሞ ከመጠይቁ መልስ ለይተሽ፣ በይለፍ ቃል ቆልፈሽ አስቀምጪ። ሁለቱ የሚገናኙት በመለያ ቁጥር ብቻ ይሁን። ለሌላ ተመራማሪ መረጃውን ስታካፍዪ የምትሰጪው ያሰላሽውን ደቂቃ ነው፤ ኮኦርዲኔቱ አንቺ ጋ ይቀራል።